ማስኩን ጥዬ መርፌውን ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 47 ነው። አሜሪካ ውስጥ የረጅም ርቀት ትራክ እነዳለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74፣ ክብደቴ 112 ኪሎ ነው። ባለፈው ዓመት የእንቅልፍ ምርመራ ተደርጎልኝ ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጥ በሽታ፣ አለብህ ተባልኩ፤ ቁጥሩ 41 ነው። በማስክ አየር የሚነፋ ሲፓፕ የሚባል ማሽን ሰጡኝ፣ ግን ማስኩን አልቻልኩትም። ሌሊት ሳይታወቀኝ አውልቄ ጥዬው አድራለሁ። አሁን ጓደኞቼ ‹ዜፕባውንድ የሚባል መርፌ ለዚህ በሽታ ተፈቅዷል፣ ማሽኑን ጣለው› ይሉኛል። እውነት ነው? አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜም በጣም ያንኮራፋል፤ ስኳርም አለበት። ለሱም ገዝቼ ልላክለት?»

መልስ፦

ጓደኞችዎ ግማሹን በትክክል ነግረውዎታል። ዜፕባውንድ በእርግጥ ለስሊፕ አፕኒያ ተፈቅዷል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ፈቃዱን የሰጠው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2024 ነው። ለዚህ በሽታ ሲፈቀድ የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነው። ፈቃዱ ግን ለሚያንኮራፋ ሰው ሁሉ አይደለም። ከልክ ያለፈ ውፍረት ላለባቸውና አፕኒያቸው መካከለኛ ወይም ከባድ ለሆነ አዋቂዎች ነው፤ ያውም ምግብ ከመቀነስና ሰውነትን ከማንቀሳቀስ ጋር። እርስዎ ሁለቱንም ያሟላሉ። በሰጡኝ ቁመትና ክብደት ቢኤምአይዎ (ክብደት ከቁመት ጋር ተመዛዝኖ የሚገኘው ቁጥር) 37 ይመጣል፤ ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚባለው ከ30 ጀምሮ ነው። 41 ደግሞ ከባድ የሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ሐኪምዎ የሚከለክል ነገር ካላገኘ መርፌው ለእርስዎ የሚሆን ይመስለኛል።

«ማሽኑን ጣለው» የሚለውን ግን አይስሟቸው። ማሽኑ የሚቀርበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያ ቀን ግን መርፌው የሚጀመርበት ቀን አይደለም። ክብደትዎ ወርዶ፣ እንደገና ተመርምረው፣ ቁጥሩ መውረዱ በወረቀት ሲታይ ነው። እስከዚያ ወራት ይሄዳሉ። እነዚያን ወራት ደግሞ እርስዎ መሪ ላይ ነው የሚያሳልፏቸው።

መጀመሪያ ስለ 41። በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ በአማካይ 41 ጊዜ ትንፋሽዎ ይቋረጣል ወይም ክፉኛ ይቀንሳል ማለት ነው። እያንዳንዱ የሚቆጠረው ቢያንስ 10 ሰከንድ ሲቆይ ነው። ከ5 በታች ደህና ነው። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ሰባት ሰዓት ተኝተው ቢያድሩ ወደ 290 ጊዜ ይታፈናሉ። በየጊዜው ኦክስጅን ይወርዳል፣ ልብ ይደነግጣል፣ አእምሮ ብንን ይላል። እርስዎ ግን ጠዋት አንዱንም አያስታውሱትም። ተኝቼ አድሬ ለምን ደከመኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መልሱ ይሄ ነው።

ውፍረት እዚህ ውስጥ ምን ያደርጋል? ጉሮሯችን እንደ ደረታችን ክፍት አድርጎ የሚይዘው አጥንት የለውም። ነቅተን ሳለን ጡንቻዎች ይይዙታል፤ ስንተኛ ይላላሉ። በጉሮሮ ግድግዳና በምላስ ውስጥ ስብ ከተከማቸ መተላለፊያው ገና ሲጀመር ጠባብ ነው፤ ጡንቻው ሲላላ ይዘጋል። አዎ፣ ምላስም ይወፍራል። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት ክብደት የቀነሱ ሰዎችን በኤምአርአይ አይተው ነበር። ለአፕኒያው መሻል ትልቁን ድርሻ ይዞ የተገኘው የምላስ ስብ መቀነሱ ነው። የሆድ ስብም የራሱ ሥራ አለው። በጀርባ ሲተኙ ሳንባን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሳንባ ሲያንስ ጉሮሮን ወደ ታች ወጥሮ የሚይዘው ኃይል ይላላል።

ክብደትና አፕኒያ አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ከታወቀ ቆይቷል። በአሜሪካ ዊስከንሲን ግዛት ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2000 ውጤቱን አሳውቋል። ክብደቱ በ10 በመቶ የጨመረ ሰው የአፕኒያ ቁጥሩ በ32 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 10 በመቶ የቀነሰ ደግሞ ወደ 26 በመቶ ይወርድለታል። ችግሩ 10 በመቶ ቀንሶ እዚያው መቆየት ለአብዛኛው ሰው ከባድ መሆኑ ነው። ቀንና ሌሊቱ ለተቀያየረበት፣ ነዳጅ ማደያ ላይ የተገኘውን ለሚበላ ሾፌር ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። «ክብደት ቀንስ» ብሎ በሽተኛን ማሰናበት ለሐኪም ቀላል ነው። እኔ ይህን ምክር ብቻውን ስሰማ ደስ አይለኝም።

ዜፕባውንድ የለወጠው ይሄንን ነው። በውስጡ ያለው ቲርዜፓታይድ የሚባል መድኃኒት ነው፤ ለስኳር ሕመም ሲሸጥ ስሙ ሞንጃሮ ይሆናል። በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል። አንጀታችን ስንበላ የሚያመነጫቸውን ሁለት ሆርሞኖች ይመስላል። ረሃብን ያበርዳል፣ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያዘገያል። ጉሮሮን በቀጥታ የሚከፍት መድኃኒት አይደለም። አፕኒያ ላይ ያለው ሥራ በዋናነት በክብደት በኩል የሚመጣ ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ብዙው ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው። ለፈቃዱ መሠረት የሆኑት ሁለት ሙከራዎች በጁን 2024 ይፋ ሆነዋል። በድምሩ 469 ሰዎች ተሳትፈዋል። አንደኛው ማሽን የማይጠቀሙ ሰዎች ላይ፣ ሁለተኛው ማሽን የሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ነው። ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ባዶ መርፌ ለ52 ሳምንት ወሰዱ። ሲጀምሩ ቁጥራቸው በአማካይ 50 አካባቢ ነበር፤ ማለትም ከእርስዎ የባሰ። በዓመቱ መጨረሻ መድኃኒቱን የወሰዱት በመጀመሪያው ሙከራ በሰዓት 25፣ በሁለተኛው 29 ያህል ቀነሰላቸው። ባዶ መርፌ የተወጉት የቀነሰላቸው 5 ያህል ብቻ ነው። ክብደታቸው ከ18 እስከ 20 በመቶ ወረደ። የደም ግፊታቸውም ቀነሰ።

ጥሩ ውጤት ነው። እኔም ስሰማው ተደስቻለሁ። ግን ቁጥሩን ወደ እርስዎ እናምጣው። መድኃኒቱ በአማካይ አፕኒያውን በግማሽ ወይም ከግማሽ በጥቂት በሚበልጥ መጠን ይቀንሳል። የእርስዎ 41 በግማሽ ሲቀንስ 20 ገደማ ነው። 20 አሁንም መካከለኛ አፕኒያ ነው። አሁንም መታከም አለበት። እርግጥ አማካይ አማካይ ነው፤ ከዚያ በላይ የተሻላቸው ብዙ ናቸው። በመጀመሪያው ሙከራ ከመቶ 42 ያህሉ፣ በሁለተኛው ከመቶ 50 ያህሉ ማሽን ላያስፈልጋቸው የሚችልበት ደረጃ ደርሰዋል። ቁጥራቸው ከ5 በታች ወርዷል፣ ወይም ከ15 በታች ሆኖ ቀን ላይ እንቅልፍ አያስቸግራቸውም። በሌላ አነጋገር ከሁለት ሰው አንዱ ገደማ ነው። ሌላኛው ተሽሎት እንኳ በሽታው አልለቀቀውም። እርስዎ የትኛው እንደሚሆኑ ዛሬ የሚነግርዎት ሐኪም የለም።

በሁለተኛው ሙከራ የነበሩት ሰዎች ደግሞ ማስካቸውን አልጣሉም። ዓመቱን ሙሉ ማሽናቸውን እየተጠቀሙ ነው መርፌውን የወሰዱት። ለምርመራ ሲሉ ብቻ ለሰባት ቀን አቆሙ። እና ከሁለቱ ሙከራዎች የተሻለው ውጤት የእነሱ ነው። ጓደኞችዎ ይህን ክፍል አልነገሩዎትም።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። መርፌው በ2.5 ሚሊግራም ይጀመራል። ይህ ሰውነት እንዲለምደው ብቻ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ 5 ይሆናል። ከዚያ ቢያንስ በየአራት ሳምንቱ በ2.5 እየተጨመረ ይሄዳል። ለአፕኒያ የሚፈለገው መጠን 10 ወይም 15 ሚሊግራም ነው። ምንም ሳያስቸግርዎት ቢሄድ እንኳ 10 ላይ ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ፣ 15 ላይ ለመድረስ አምስት ወር ገደማ ይፈጃል። ክብደቱም ከዚያ በኋላ ለወራት መውረዱን ይቀጥላል። ሲፓፕ ማሽን በአየር ግፊት ጉሮሮን እንደ ድንኳን ምሰሶ ደግፎ የሚያቆመው በዚያችው ሌሊት ነው፤ ሲያወልቁት በዚያችው ሌሊት ይወድቃል። መርፌው ድንኳኑ ላይ የተጫነውን ክብደት በወራት የሚያነሳ ነው። ሁለቱ ተቀናቃኝ አይደሉም።

ስለዚህ ከመርፌው በፊት ስለ ማስኩ እናውራ። «አልቻልኩትም» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ማስክ ብቻ ነው የሞከሩት። መላ ፊትን የሚሸፍነው ከሆነ የያዙት፣ አፍንጫ ሥር ብቻ የሚቀመጥ ትንሽ አለ፤ ይጠይቁ። አፍንጫዎ የሚደፈን ከሆነ መጀመሪያ አፍንጫው ይታከም። ጉሮሮዎ የሚደርቅ ከሆነ የውኃ ማሞቂያው ይስተካከል። ግፊቱ ሲጀምር የሚያፍንዎት ከሆነ ቀስ ብሎ እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል። ሌሊት ሳይታወቅ ማውለቅ ብዙ ጊዜ አየር እየሾለከ ወይም ግፊቱ አንሶ ወይም በዝቶ ነው። ማሽኑ ይህን ሁሉ ይመዘግባል፤ ክሊኒኩ ከፍቶ ማየት ይችላል። ማታ ቴሌቪዥን እያዩ፣ ሳይተኙ፣ ለግማሽ ሰዓት አድርገውት መለማመድም ይረዳል። ቀልድ ይመስላል እንጂ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ካለ ሌላ መንገድ አለ። የታችኛውን መንጋጋ ወደፊት ስቦ የሚይዝ፣ የጥርስ ሐኪም በልክ የሚሠራው መሣሪያ አለ። ለቀላልና ለመካከለኛው ይበልጥ ይስማማል፤ ለከባዱም ከምንም ይሻላል። ከደረት ቆዳ ሥር ተቀብሮ የምላስን ነርቭ የሚያነቃ መሣሪያም ከ2014 ጀምሮ ተፈቅዷል። ለሱ ግን የክብደት ገደብ ስላለ መርፌው አንዳንዱን ሰው ወደ ገደቡ ያደርሰዋል።

አሁን ወደ ሥራዎ። የፌዴራሉ የመንገድ ሕግ ለስሊፕ አፕኒያ ብቻ የተጻፈ ደንብ የለውም። በ2016 ደንብ ለማውጣት ተጀምሮ ነበር፤ በ2017 ተተወ። ይህ ግን ነፃ ነኝ ማለት አይደለም። የዲኦቲ ሜዲካል ካርድ፣ ማለትም ለመንዳት ጤናዎ ብቁ ነው የሚለውን ወረቀት፣ የሚሰጠው መርማሪ በራሱ ውሳኔ ሊይዝዎት ይችላል። በብዛት የሚጠየቀው የማሽኑ መዝገብ ነው። የተለመደው መለኪያ ከመቶ ሌሊት ቢያንስ 70 ላይ ለ4 ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠቀም ነው። «መርፌ ጀምሬያለሁ» የሚል መልስ ይህን መዝገብ አይተካም። ማሽኑን ዛሬ ካቆሙ መዝገቡ ባዶ ይሆናል፤ ካርዱ ሲታደስ ምን እንደሚገጥምዎት መገመት ነው። ካርዱን እንተወውና፣ መሪ ላይ እንቅልፍ እየጣለዎት ከሆነ ዳር ይያዙ። ቡና ለጥቂት ጊዜ ያነቃል እንጂ በሽታውን አያክምም።

መርፌውን ለመጀመር ከወሰኑ ሐኪምዎ ሳይጠይቅዎት እንኳ የሚነግሩት ነገር አለ። በእርስዎ ወይም በቤተሰብዎ ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር ካለ፣ ወይም ኤምኢኤን 2 የተባለ በዘር የሚተላለፍ የዕጢ በሽታ ካለ፣ መድኃኒቱ አይሰጥም። የቆሽት ብግነት ታሞ የነበረ፣ የሐሞት ጠጠር ያለበት፣ የጨጓራ መዘግየት ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ከጀመሩ በኋላ ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ የማይተው ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከመጣ መርፌውን አቁመው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቀዶ ጥገና ወይም ማደንዘዣ ያለው ምርመራ ካለዎት ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገሩ። ጨጓራ ቶሎ ስለማይወጣ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ አፕኒያ እንዳለብዎትም ለብቻው ሊነግሩት የሚገባ ነው። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ክብደት ሲወርድ መጠኑ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። ብድግ ሲሉ የሚያዞርዎት ከሆነ ግፊትዎን ይለኩ። ይህን የሚያነቡ እህቶችም ካሉ፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል በዚህ መድኃኒት ላይ ሊደክም ይችላል። ሲጀመርና መጠኑ በተጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ሌላ መከላከያ መጨመር ያስፈልጋል። በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም።

በብዛት የሚያስቸግረው ሆድ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ድርቀት። በሙከራው ላይ ከአራት ወይም ከአምስት ሰው አንዱ አቅለሽልሾታል። አብዛኛውን ጊዜ መጠን ሲጨመር ይመጣና ይተዋል። እዚህ ላይ የእኛ አበላል የራሱ ጣጣ አለው። ጾመኛ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ አንድ ትልቅ ትሪ ላይ ይቀመጣል። ረመዳን ላይም ያው ነው፣ ማታ ይሁን እንጂ። ይህ መድኃኒት ያለበት ጨጓራ ያንን አይቀበልም፤ መልሶ ይልከዋል። ሁለት ጉርሻ ላይ ጠገብኩ ካለዎት ያቁሙ። «በሞቴ» የሚል ሰው ካለ መርፌ ላይ መሆንዎን ይንገሩት። ዘይት የበዛበት ወጥና ጥብስ ማቅለሽለሹን ያባብሰዋል። ውኃ ደግሞ በጾም ሰዓት የማይጠጡ ከሆነ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረበት ኩላሊት ይጎዳል። በዚያን ቀን ጾሙን ስለማፍረስ የሃይማኖት አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው መልስ አላቸው።

ክብደት ሲወርድ የሚወርደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም ይሄዳል። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ሽሮ ከእንጀራው ይብለጡ። በፍስክ እንቁላልና ሥጋ። ትራኩን አቁመው ለሃያ ደቂቃ በፍጥነት መራመድ፣ እንደ ላስቲክ ገመድ ያለ ቀላል ነገር ይዞ ክንድና ትከሻን ማሠራት ይቻላል።

መርፌው ራሱ ሙቀት አይወድም። ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። ከፍሪጅ ውጭ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 21 ቀን ይቆያል። በበጋ አሪዞና ላይ የቆመ ትራክ ውስጥ ከዚያ በላይ እንደሚሆን ከኔ የበለጠ እርስዎ ያውቃሉ። ዳሽቦርዱ ላይ አይተዉት። በረዶ የሆነውንም አይወጉ።

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ያለ ኢንሹራንስ እስክሪብቶ በሚመስል መወጊያ የሚመጣው መርፌ መደበኛ ዋጋ በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ኤሊ ሊሊ፣ አምራቹ፣ በራሱ ለሚከፍል ሰው በብልቃጥ በቅናሽ ይሸጣል። ኢንሹራንስዎ «ለክብደት አልከፍልም» ቢልዎት አይመለሱ። ሐኪምዎ ማመልከቻውን በስሊፕ አፕኒያ ስም፣ የእንቅልፍ ምርመራ ውጤቱን አያይዞ እንዲልከው ይጠይቁ። 41 የምትለዋ ወረቀት እዚህ ላይ ዋጋ አላት። ሜዲኬርን (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነውን የመንግሥት መድን) የሚያህል እንኳ ክብደት ለመቀነስ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒትን እንዳይሸፍን በ2003ቱ ሕግ ተከልክሎ ሳለ፣ ለአፕኒያ ሲታዘዝ ግን የመድኃኒት ፕላኖቹ ሊሸፍኑት እንደሚችሉ በ2025 መጀመሪያ ተነግሯል። በማኅበራዊ ሚዲያ «ርካሽ ቲርዜፓታይድ» እያሉ የሚሸጡትን ግን ይተዉ። ውስጡ ምን እንዳለ፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ፣ በምን ሙቀት እንደመጣ ማንም አያረጋግጥልዎትም።

«ኦዜምፒክስ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እሱ ሴማግሉታይድ የሚባል ሌላ መድኃኒት ነው፤ ክብደት ይቀንሳል፣ ለአፕኒያ ግን የተሰጠው ፈቃድ የለም። ከእነሱ ቀድሞ የመጣው ሊራግሉታይድ በ2016 ለ32 ሳምንት በአፕኒያ ላይ ተሞክሮ ነበር። ክብደት ወደ 6 በመቶ፣ አፕኒያውን በሰዓት 12 ያህል ቀነሰ። ባዶ መርፌው ብቻውን 6 ያህል ቀንሶ ነበር። ያኔ ማንም ማስክ ስለመጣል አላወራም።

ሌላ የሚጠየቅ ነገር፣ ለስንት ጊዜ ነው የሚወጋው? መልሱ ብዙዎችን አያስደስትም። ይኸው ቲርዜፓታይድ በውፍረት ላይ ሲሞከር ሰዎች በ36 ሳምንት 21 በመቶ ያህል ከቀነሱ በኋላ ግማሾቹ ሳያውቁ ወደ ባዶ መርፌ ተቀየሩ። በቀጣዩ ዓመት ክብደታቸው 14 በመቶ ተመለሰ። የቀጠሉት ደግሞ ተጨማሪ ቀነሱ። ክብደት ሲመለስ አፕኒያም ይመለሳል። ስለዚህ ሥራ ቢቀይሩና ኢንሹራንሱ ቢቋረጥ፣ መርፌው በቆመ በጥቂት ወራት ውስጥ ማሽኑ ሊያስፈልግዎት ይችላል። ተሻለኝ ብለው ማሽኑን ለሰው አይስጡ።

ቁጥሩ መቼ ይታይ? መጠኑ ከረጋና ክብደትዎ በግልጽ ከወረደ በኋላ። ከ112 ኪሎ 20 በመቶ ማለት ወደ 90 ኪሎ መድረስ ነው። ባለቤትዎ «ማንኮራፋቱን ተውክ» ቢሉዎት ደስ ይበልዎት፤ ግን ማስረጃ አይደለም። ድምፅ ሳይሰማ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሰው አለ። የማሽኑ ስክሪን ላይ የሚታየው 2 ወይም 3 የሚል ቁጥርም ማስረጃ አይደለም፤ እሱ ማሽኑ በርቶ ሳለ ያለው ነው። የሚፈለገው ያለ ማሽን የተደረገ የእንቅልፍ ምርመራ ነው። ለዚያ ሐኪምዎ ለጥቂት ሌሊት ማሽኑን እንዲያቆሙ ሊያዝዎት ይችላል። እነዚያን ቀናት ጭነት አይቀበሉ፤ ፈቃድ ይውሰዱ። ከምርመራው በፊትም ክብደት ሲቀንስ የቀድሞው ግፊት ሊበዛብዎት ይችላል። ሆድዎ በአየር የሚነፋ፣ ማስኩ የሚነፍስ ከሆነ ክሊኒኩ ይደውሉና ግፊቱ ይስተካከል። ብዙ ሰው ይህን «መድኃኒቱ ሠራ፣ ማሽኑ አያስፈልገኝም» ብሎ ተርጉሞ ያቆማል።

ቁጥሩ ከ41 ወደ 20 ቢወርድስ? አልተሳካም ማለት አይደለም። ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ማስኩ ይቀልልዎታል፤ ወይም የመንጋጋው መሣሪያ አሁን ይበቃዎት ይሆናል። በጎን መተኛት፣ ከመተኛት በፊት መጠጥ አለመቅመስ፣ የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም አለመውሰድም በዚያ ደረጃ ላይ ለውጥ ያመጣሉ። ቀጭን ሆነው፣ መንጋጋቸው በተፈጥሮ ወደኋላ የገባ ወይም ቶንሲላቸው የገዘፈ ሰዎች ደግሞ በዚህ መርፌ የሚያገኙት ብዙ የለም።

ስለ ታላቅ ወንድምዎ፣ አይላኩለት። ደግነትዎ ይገባኛል፤ ሻንጣ ውስጥ መድኃኒት መላክ የለመድነው ነው። ግን የሱ ጉዳይ ከእርስዎ ይለያል። አፕኒያ እንዳለበት ገና አልተመረመረም። ስኳር አለበት፤ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ይህ መርፌ ሲጨመርበት ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ ሌሊት ቢወርድ ደግሞ የሚያየው ላይኖር ይችላል። ስኳር ዓይኑን ነክቶት ከሆነም መጀመሪያ መታየት አለበት። መድኃኒቱ ከእርስዎ ፍሪጅ እስከ እሱ ፍሪጅ በምን ሙቀት እንደሚደርስ አይታወቅም። መጠኑን የሚጨምርለትና ሲያስመልሰው የሚያየው ሐኪምም ከጎኑ የለም።

ለሱ የሚጠቅመው ይሄ ነው። ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ በስልክ ትቅረጸው፤ ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ ብሎ፣ ከዚያ በትልቅ ትንፋሽ የሚመለስ ከሆነ አፕኒያ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ግፊቱን ይለካ፣ የአንገቱን ዙሪያም፤ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ይጻፈው። ቀን ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ የሚወስደው ከሆነ ያንንም። ቪዲዮውንና የሚወስዳቸውን የስኳር መድኃኒቶች ስም ይዞ የውስጥ ደዌ ወይም የሳንባ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እርስዎ ለመርፌው ያሰቡትን ገንዘብ ለዚያ ቀጠሮና ለምርመራው ይላኩለት።